ሁሉንም ሥራ በአውራ ጣት ላይ የጫነው መቆጣጠሪያ

የቪዲዮ ጨዋታ መቆጣጠሪያ የያዙ ሁለት እጆችን ልብ ብሎ ያየ ሰው ከአሥሩ ጣቶች ስድስቱ ሥራ ፈት መሆናቸውን ይረዳል። የመሃል ጣት፣ የቀለበት ጣትና ትንሿ ጣት ከሥር ሆነው ዕቃውን ከመደገፍ ያለፈ ድርሻ የላቸውም። ሌባ ጣቶች በላይኛው ጠርዝ ላይ ያሉትን የትከሻ ቁልፎችና ምላጮች ይጫናሉ። የቀረው ሁሉ፣ መራመዱም፣ መዞሩም፣ ማነጣጠሩም፣ መዝለሉም፣ በሁለቱ አውራ ጣቶች ጫንቃ ላይ ወድቋል።

ቀኙን አውራ ጣት ለብቻው እንመልከት። ገጸ ባሕርዩን ከጀርባው እያየን በምንጫወታቸው የተኩስ ጨዋታዎች እይታው የሚዞረው በቀኙ ዘንግ፣ ማለትም በአውራ ጣት ወደ ሁሉም አቅጣጫ በሚገፋው አጭር ምሰሶ ነው። መዝለል፣ ጎንበስ ማለት፣ ጥይት መሙላትና ዕቃ ማንሣት ደግሞ ከዘንጉ በላይ የተደረደሩት የአራቱ ቁልፎች ተግባር ነው። ሁለቱም የዚያው የአንዱ ጣት ሥራ ናቸው። ተጫዋቹ ለመዝለል በፈለገ ቁጥር ጣቱን ከዘንጉ ያነሣል፤ ባነሣበት ቅጽበትም ዙሪያውን ማየት ያቆማል። ጠላት ከጎን ሲመጣበት እየዘለለ መዞር አይችልም። ብዙዎች ያገኙት መላ ሌባ ጣትን ቆልምሞ አራቱን ቁልፎች ከላይ በእርሱ መጫንና ምላጩን ለመሃል ጣት መስጠት ነው። ጣቱ ተቆልምሞ፣ አንጓው ተጣሞ ለሰዓታት ይቆያል። ተጫዋቹ እጁን ለዕቃው ሲል እንዲያጣምም የሚያስገድድ ንድፍ ገና ያላለቀ ንድፍ ነው ብዬ አምናለሁ።

ይህን በተለይ ለኮምፒውተር ተጫዋቾች የማነሣው ያለ ምክንያት አይደለም። በኮምፒውተር የሚጫወት ሰው የአንድ ኮንሶል (ለጨዋታ ብቻ ተብሎ የሚሠራ ማሽን) አምራች ጥገኛ አይደለም። የግራፊክስ ካርዱን፣ ስክሪኑን፣ ኪቦርዱንና ማውሱን እንደ ፍላጎቱ መርጦ ይገጣጥማል። ማውስ ለትልቅ መዳፍም ለትንሽ መዳፍም፣ ለግራኝም ጭምር ይሠራል። መቆጣጠሪያው ዘንድ ሲደርስ ግን ይህ ነጻነት ያበቃል። በገበያው ላይ ያለው አብዛኛው ለኮንሶል ተብሎ የተቀረጸውን ቅርጽ የሚደግም ነው፤ ቅርጹም ቢሆን በአንድ ጊዜ ታስቦበት የተሠራ ሳይሆን በየዘመኑ እየተቀጣጠለ የመጣ ነው።

አመጣጡን ማወቅ ይጠቅማል (ዓመታቱ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የመስቀል ቅርጽ ያለውን የአቅጣጫ ቁልፍ የጃፓኑ ጨዋታ አምራች የኔንቲዶ ባለሙያ ጉንፔይ ዮኮይ በ1982 በኪስ ለሚያዝ ጨዋታ ሠራው፤ በማግሥቱ ዓመት የኔንቲዶ ኮንሶል ፋሚኮም ሲወጣ ያው ቁልፍ ጠፍጣፋ አራት ማዕዘን በሆነ መቆጣጠሪያ ግራ በኩል ተተከለ። በ1990 የወጣው ሱፐር ፋሚኮም አራቱን ቁልፎች በቀኝ በኩል ደርድሮ የትከሻ ቁልፎችን ጨመረ። በ1994 ሶኒ ለፕሌይስቴሽን ሁለት እጀታ አበጀ፤ መዳፍ የሚያርፍበት ያገኘው ያኔ ነው። እስከዚህ ድረስ ሁሉም ነገር ቦታ ቦታውን የያዘ ነበር። ከዚያ ጨዋታዎች ወደ ሦስት አቅጣጫ ዓለም ተሻገሩና ዘንግ አስፈለገ። ሶኒ በ1997 ሁለት ዘንጎች ሲጨምር የላይኛው ቦታ አስቀድሞ በቁልፎቹ ተይዞ ስለነበር ዘንጎቹን ከሥር፣ በእጀታዎቹ መካከል ባለው ክፍት ቦታ አስገባቸው። ዛሬ በእያንዳንዱ ጨዋታ ውስጥ ዋናውን ሥራ የሚሠራው መሣሪያ የተቀመጠው እንግዲህ በተረፈው ቦታ ነው። የማይክሮሶፍት ኮንሶል የሆነው የኤክስቦክስ ቤተሰብ የግራውን ዘንግ ወደ ላይ፣ አውራ ጣት ዘና ብሎ ወደሚያርፍበት ቦታ በማውጣቱ የተሻለ ፍርድ ሰጥቷል። የቀኙን ዘንግ ግን እርሱም ከሥር ተወው።

በኮምፒውተሩ በኩል ደግሞ አንድ ጊዜ የተለየ መንፈስ ነበር። በ1991 የወጣው የግራቪስ ጌምፓድ፣ ለኮምፒውተር ተብሎ የተሠራ፣ ግራኝ ተጫዋች ገልብጦ እንዲይዘው የሚያስችል ማብሪያ ነበረው። በዚህ ዘመን ከሚሸጡት ታዋቂ መቆጣጠሪያዎች ስንቱ ይህን ያህል ለግራኝ አስቧል? በእርግጥ ያ ዘመን የራሱ ጣጣ ነበረበት። ጨዋታው የትኛው ቁልፍ የትኛው እንደሆነ ስለማያውቅ ተጫዋቹ እያንዳንዱን በእጁ ማስተዋወቅ ነበረበት፤ ያም ሆኖ ብዙ ጊዜ አይሠራም ነበር።

ይህን ጣጣ የፈታው ማይክሮሶፍት ነው። በ2005 ከኤክስቦክስ 360 ጋር ኤክስኢንፑት የተባለውን የዊንዶውስ መገናኛ አወጣ። መቆጣጠሪያውን በዩኤስቢ መሰካት ብቻ በቂ ሆነ፤ ጨዋታውም በስክሪኑ ላይ ትክክለኛውን የቁልፍ ምልክት ማሳየት ቻለ። ለዚህ ሥራ ምስጋና ይገባዋል፤ ኮምፒውተር ላይ በመቆጣጠሪያ መጫወት የተለመደ ነገር የሆነው ከዚያ ወዲህ ነው። ነገር ግን ይህ መገናኛ ከመቆጣጠሪያ የሚቀበለው ተለይቶ የተቆጠረ ነው። አራቱን የመስቀል አቅጣጫዎች ጨምሮ 14 ቁልፍ፣ ከ0 እስከ 255 የሚለኩ ሁለት ምላጮችና እያንዳንዳቸው በሁለት አቅጣጫ የሚለኩ ሁለት ዘንጎች፣ ሌላ የለም። የጀርባ ቁልፍ የሚባል ነገር አያውቅም። የመዳሰሻ ሰሌዳ አያውቅም። የመቆጣጠሪያውን ዘንበል ማለት የሚለካውን ጋይሮስኮፕም አያውቅም። የአንድ መቆጣጠሪያ የክፍሎች ዝርዝር ለመላው የኮምፒውተር ዓለም ሕግ ሆኖ ቀረ።

ውጤቱ በጀርባ ቁልፎች ላይ ጎልቶ ይታያል። ከመቆጣጠሪያው ጀርባ፣ ሥራ ፈቶቹ የመሃልና የቀለበት ጣቶች በሚያርፉበት ላይ፣ ሁለት ወይም አራት ቁልፍ መትከል አውራ ጣትን ከሸክሙ የሚገላግል ቀላሉ መንገድ ነው። መዝለልን ለመሃል ጣት የሰጠ ተጫዋች አውራ ጣቱን ከዘንጉ ሳያነሣ ይዘላል። የለመደ ሰው ወደ ድሮው ለመመለስ ይቸገራል፤ እኔም ከእነዚህ ወገን ነኝ። ነገር ግን እነዚህ ቁልፎች በአብዛኞቹ ጨዋታዎች ዘንድ የራሳቸው ማንነት የላቸውም። ከ14ቱ አንዱን ይቀዳሉ እንጂ አሥራ አምስተኛ መሆን አይችሉም። መቆጣጠሪያው አራት ቁልፍ ቢጨመርለትም ጨዋታው አንድም አዲስ ትእዛዝ አላገኘም። ማይክሮሶፍት በ2015 ኤሊት የተባለውን ባለ ጀርባ ቁልፍ መቆጣጠሪያ ካወጣ ወዲህ ደግሞ ታላላቆቹ አምራቾች የጀርባ ቁልፍን የባለሙያ ዕቃ አድርገው በውድ ዋጋ መሸጥን ለመዱ። ጣት ሁሉም ሰው ያለው ነገር ነው። አራት ተራ ማብሪያዎች የቅንጦት ዕቃ የሚሆኑበት ምክንያት አይታየኝም።

የባለቤትነት መብት ጉዳይም አለበት። የኮምፒውተር ጨዋታዎች የኢንተርኔት መደብር የሆነው የስቲም ባለቤት ቫልቭ በ2015 ባወጣው መቆጣጠሪያ ጀርባ ላይ በተከላቸው ቁልፎች ምክንያት አይረንበርግ ኢንቬንሽንስ በተባለ ኩባንያ ተከሰሰ፤ በ2021 የአሜሪካ ፍርድ ቤት ጁሪ 4 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት። ያ መቆጣጠሪያ በ2019 ከምርት ቢወጣም፣ በእኔ ግምት ለኮምፒውተር ታስበው ከተሠሩት ሁሉ ደፋሩ እርሱ ነው። የቀኙን ዘንግ አንሥቶ በምትኩ ክብ የመዳሰሻ ሰሌዳ አደረገ፤ በማውስ ብቻ ይሠሩ የነበሩ ጨዋታዎችን ሶፋ ላይ ለመጫወት አስቻለ። ቫልቭ አዲስ ትውልድ እንደሚያወጣ በ2025 መጨረሻ ማስታወቁ ሐሳቡ እንዳልሞተ ያሳያል።

የጋይሮስኮፑ ነገር ከሁሉ ይበልጥ ያንገበግበኛል። በዘንግ ማነጣጠር ለምን እንደሚከብድ ብዙ ሰው አያስተውልም። ማውስ ቦታን ይገልጻል፤ እጅ ሁለት ጣት ያህል ሲንቀሳቀስ ዒላማውም የዚያኑ ያህል ይንቀሳቀሳል፤ እጅ ሲቆም ይቆማል። ዘንግ ግን የሚገልጸው ፍጥነትን ነው። ተጫዋቹ ዘንጉን ገፍቶ ዒላማው እስኪደርስ ይጠብቃል፤ ከዚያ በትክክለኛው ቅጽበት መልቀቅ አለበት። ቀድሞ ከለቀቀ አልደረሰም፣ ከዘገየ አልፏል። ብዙ ጨዋታዎች ዒላማውን በድብቅ ወደ ጠላት የሚስብ ረዳት የሚያስገቡትና በኪቦርድና በመቆጣጠሪያ ተጫዋቾች መካከል ማብቂያ የሌለው ክርክር የሚነሣው በዚህ የተነሣ ነው። ጋይሮስኮፕ ይህን ችግር ከሥሩ ይነካል። ዘንጉ ለትልቁ መዞር ይውላል፤ የመጨረሻዋን ጥቂት ማስተካከያ ደግሞ አንጓን በጥቂቱ ዘንበል በማድረግ መፈጸም ይቻላል፤ እጅ ሲቆም ዒላማውም ይቆማል። የሶኒና የኔንቲዶ መቆጣጠሪያዎች ይህ ዳሳሽ አላቸው። መደበኛው የኤክስቦክስ መቆጣጠሪያ ግን የለውም፤ መገናኛውም አያውቀውም።

ስለዚህ በኮምፒውተር ላይ ጋይሮስኮፕ የፈለገ ሰው በስቲም ቅንብር ውስጥ ገብቶ እንቅስቃሴውን ማውስ ነው ብሎ ለጨዋታው ማቅረብ ግድ ይሆንበታል። ሌላው ችግር የሚመጣው እዚህ ላይ ነው። ጨዋታው ከዘንጉ የመቆጣጠሪያ ትእዛዝ፣ ከጋይሮስኮፑ የማውስ ትእዛዝ በአንድ ጊዜ ሲደርሰው የትኛውን እንደሚያምን ይጠፋዋል። በስክሪኑ ጥግ ያለው የቁልፍ ምልክት በመቆጣጠሪያና በኪቦርድ መካከል ያለ ማቋረጥ ይቀያየራል፤ አንዳንዱ ጨዋታ በየቅያሪው ለቅጽበት ይደናቀፋል፤ ሌላው አንዱን ትእዛዝ ጨርሶ ይጥለዋል። ይህ የዕቃው ጉድለት አይደለም። ጨዋታውን የጻፈው ሰው ሁለቱን አብሮ ለመቀበል አለማሰቡ ነው።

ስለ መጠንም እናንሣ። ማይክሮሶፍት በ2001 የመጀመሪያውን ኤክስቦክስ ሲያወጣ መቆጣጠሪያው ከግዝፈቱ የተነሣ መተቸቱ ይታወቃል፤ ለጃፓን ገበያ አነስ ያለ አዘጋጀ፤ ያ ትንሹም ቆይቶ በሌላው ዓለም ትልቁን ተካው። ከዚያ የተወሰደው ትምህርት ግን መካከለኛ መጠን ይበቃል የሚል ሆነ። ጫማ በቁጥር የሚሸጠው እግር ስለሚለያይ ነው፤ እጅም ይለያያል። አውራ ጣቱ አጭር የሆነ ሰው ከእጀታው መዳፉን ሳያላቅቅ ራቅ ያለውን ቁልፍ አይደርስበትም፤ መዳፉ ሰፊ የሆነው ደግሞ ጣቶቹን አጥፎ ጅማቱን ያደክማል። አንዱን ቅርጽ በሦስት መጠን ማውጣት የኮምፒውተር ዕቃ ለሚሠራ ማንኛውም ኩባንያ የማይሞከር አይደለም።

የዘንግ መንሸራተትን በአጭሩ ልለፈው። በአብዛኞቹ መቆጣጠሪያዎች ውስጥ ዘንጉ ሲዘነበል ቀጭን የብረት ምላስ በካርቦን ንጣፍ ላይ ይፋቃል። ንጣፉ በጊዜ ብዛት ሲያልቅ ማንም ሳይነካው ገጸ ባሕርዩ በራሱ መሄድ ይጀምራል። በማግኔት የሚሠራው የሆል ዳሳሽ መፋቅ የሚባል ነገር የለበትም፤ የሴጋ ድሪምካስት በ1998 ተጠቅሞበታል። ዛሬ እንደ ጉሊኪትና ኤይትቢትዱ ያሉ አምራቾች በመጠነኛ ዋጋ ያቀርቡታል። ታላላቆቹ ብራንዶች በመደበኛ ዕቃቸው አሁንም ካርቦኑን ይዘው መቆየታቸው የሚያሳዝን ነው።

ማይክሮሶፍት በ2018 ለአካል ጉዳተኞች ያወጣው መቆጣጠሪያ ሌላ መንገድ እንዳለ በተግባር አሳይቷል። ከጀርባው 19 መሰኪያዎች አሉት፤ በእያንዳንዱ ላይ ተጫዋቹ ለአካሉ የሚመቸውን ማብሪያ፣ በእግር፣ በክርን ወይም በአገጭ የሚነካውን፣ ይሰካል። ሰውየውን ወደ ዕቃው ሳይሆን ዕቃውን ወደ ሰውየው ያመጣል። ይህ አስተሳሰብ ለአንድ ልዩ ምርት ብቻ ተከልሎ መቅረት የለበትም። አርትራይተስ ያለበት፣ እጁ ትንሽ የሆነ፣ ግራኝ የሆነ፣ በእርጅና ጣቱ የደከመ፣ ሁሉም በመደበኛው ዕቃ ውስጥ ቦታ ሊኖረው ይገባል።

ለጨዋታ ሠሪዎች የምለው ቴክኒካዊ ሰበብ አሁን አለመኖሩን ነው። ኤስዲኤል የተባለው በነጻ የሚገኝ የፕሮግራም ክምችት ጋይሮስኮፕንም፣ የመዳሰሻ ሰሌዳንም፣ የጀርባ ቁልፎችንም ለይቶ ያነብባል፤ ጨዋታው ስቲም ላይ የሚሸጥ ከሆነም ቫልቭ ተመሳሳዩን መንገድ አበጅቶለታል። የቀረው በጨዋታው የቅንብር ገጽ ላይ ለጀርባ ቁልፎች አራት የራሳቸው ረድፍ መጨመር፣ እያንዳንዱን ትእዛዝ ወደየትኛውም ቁልፍ ለማዛወር መፍቀድና የማውስን ትእዛዝ ከመቆጣጠሪያው ጋር አብሮ መቀበል ነው። የጨዋታ ሐያሲያንም በግምገማቸው ስለ ምስል ጥራት በሚጽፉት ልክ ይህን ገጽ ከፍተው ይዩት፤ የጎደለውንም በስሙ ይጻፉ።