በርችን በነጭ ቀለም የምንቀባ ሰዎች

ውጭ የሚኖር ሀበሻ የውሃ ቀለም ሲጀምር ቶሎ የሚያምረው የበርች ዛፍ ነው። ነጭ ግንድ፣ ጥቂት ጥቁር ሰረዝ፣ አለቀ! ዘይት ቀለም የለመደው እጁ ሰማዩንና ጫካውን ቀብቶ ይጨርስና ግንዱን በነጭ ይደርብበታል። የሚወጣው ግን አመዳም የመብራት ምሰሶ ነው። የውሃ ቀለም ነጩ ስስ ስለሆነ የታችኛውን አይሸፍንም፤ ጭራሽ የደረቀውን አርጥቦ ያስነሳውና አብሮት ይደፈርሳል።

ፈረንጆቹ ደግሞ የሥራውን ግማሽ ብሩሽ ሳያነሱ ይጨርሱታል። ነጩ ወረቀቱ ራሱ ነዋ! ግንዱን በማስኪንግ ቴፕ፣ ኋላ ተልጦ በሚነሳ የወረቀት ፕላስተር፣ ይሸፍናሉ። ቴፑን በመቀስ ቀጥ አድርገው አይቆርጡትም፤ ጠርዙን በእጅ ይቀድዱታል፣ ቅርፊቱ ሸካራ ነውና። ሩቅ ላሉት ቀጫጭን ግንዶች ማስኪንግ ፍሉይድ፣ ሲደርቅ እንደ ጎማ የሚላጥ ፈሳሽ፣ ይጠቀማሉ፤ እሱንም ሳሙና በነካ አሮጌ ብሩሽ። ደህና ብሩሹን ያለ ሳሙና የነከረ ሰው ይርሳው። ወረቀቱ በካሬ ሜትር 300 ግራም ይሁን፤ ከዚያ የሳሳው ካልተወጠረ ይጎብጥና ቀለሙ ጎድጓዳው ላይ ይጠራቀማል።

ጀርባው የሚሠራው በእርጥቡ ነው፤ ቢጫው፣ አረንጓዴው፣ ሰማያዊው ሳይደርቁ ይዋሃዳሉ። እኛን የሚያሸንፈን እዚህ ጋ ነው። የወረቀቱ ማብረቅረቅ መጥፋት ሲጀምር እጅ መሰብሰብ አለበት። "ትንሽ ላስተካክል" ብሎ ውሃ የበዛበት ብሩሽ ያሳረፈ ጠርዙ የተሸበሸበ እድፍ ያተርፋል። ቴፑንም ለማንሳት እንቸኩላለን። ወረቀቱ በእጅ ጀርባ ሲነካ ከቀዘቀዘ ውስጡ ገና እርጥብ ነው፤ ቴፑ ልጦት ይነሳል።

ለቅርፊቱ በርንት አምበር የሚባለው ጥቁር ቡናማና አልትራማሪን የሚባለው ደማቅ ሰማያዊ ውሃ ሳይበዛ ይደባለቅና የድሮ የባንክ ካርድ ጠርዝ ይነከርበታል። ካርዱ ከግንዱ ዳር ወደ መሃል ሳብ ይደረጋል፤ ዳሩ ይጠቁራል፣ መሃል ሲደርስ ቀለሙ ይቆራረጣል። በብሩሽ እኩል እኩል የተሰመረ ሰረዝ ይህን አያመጣም። ብርሃን በማያርፍበት ጎን ስስ አልትራማሪን ከትንሽ በርንት ሲዬና (ቀላ ያለ ቡናማ) ጋር ከላይ እስከ ታች ካልወረደ ግንዱ ጠፍጣፋ ሆኖ ይቀራል። ቅርንጫፍ በበቀለበት ቦታ ጥቁሩ ሦስት ማዕዘን አይረሳ። ቀጫጭኖቹ ቅርንጫፎች ግን ጠቆር ያሉ ቡናማ ናቸው፤ በጫፍ ብሩሽ ከታች ወደ ላይ እየቀጠኑ ይሳባሉ። እነሱንም በነጭ የሚቀባ ያገር ልጅ አለ፤ ምን ይባላል!