ዱቄቱን ያብዛልን

የዝግጅት ኮሚቴው የዘንድሮ ዓመታዊ ዕቅድ ሰሞኑን ወጣ። ደስ ይበላችሁ፣ በየወሩ የቀለም ዱቄት መራጨት አለ። አንድም ወር አልተዘነጋም። የንባብ ቀን በቀለም። የደም ልገሳ በቀለም። የአረጋውያን ቀንም በቀለም፣ ቀስ ተብሎ የሚረጭ። ካለፈው ዝግጅት የተረፈው አረንጓዴ ከጆሮዬ ተጠርጎ ሳያልቅ የሚቀጥለው መመዝገቢያ ሊንክ ደረሰኝ። እናንተም ጋ እንደደረሰ አውቃለሁ። «ነጭ ለብሳችሁ ኑ» ይላል። የቱን ነጭ?

ግን ኮሚቴውን ማመስገን ግድ ነው። ድሮ ሰው አንድ ዝግጅት ለማሰናዳት ይጨነቅ ነበር፤ ሰው ለምን ይሰበሰባል፣ ማን ይመጣል፣ መጥቶስ ምን ይሠራል እያለ። ያ ሁሉ ጣጣ ቀርቷል። አሁን በጆንያ ዱቄት፣ አንድ ትልቅ ስፒከር፣ «አምስት፣ አራት፣ ሦስት» እያለ የሚቆጥር መድረክ መሪ ከተገኘ አለቀ ደቀቀ።

ህንዶቹ ያሳዝኑኛል። የቀለም በዓላቸውን ሆሊን ያን ያህል ዘመን አክብረው አክብረው በዓመት አንዴ ብቻ! የቅዝቃዜው ወቅት ወጥቶ ጸደይ ሲገባ፣ የፋልጉን ወር ጨረቃ ሙሉ እስክትሆን ጠብቀው፣ ዋዜማውን እሳት አንድደው፣ በማግስቱ ቀለም ይራጫሉ። ቀን አለው፣ ታሪክ አለው፣ ምክንያት አለው። ይሄ ሁሉ ድካም ለምን? እኛ ታሪኩን ጥለን ዱቄቱን ያዝን። ጨረቃ አንጠብቅም፤ የምንጠብቀው ስፖንሰር ነው።

የኔ ምርጥ ግን የጽዳት ዘመቻው ነው። ዘመቻው በቀለም ተከፈተ። መንገዱ ሮዝና ቢጫ ሆነ፤ በዚህም የሚጸዳ ነገር ተገኘ። (ከዚያ በፊት መንገዱ ያን ያህል አልቆሸሸም ነበር፣ ግን ይህን የሚል ሰው ጨለምተኛ ነው።) መጥረጊያ ታደለ። ደረቅ ዱቄት ሲጠርጉት ይነሳል እንጂ ወዴትም አይሄድም፤ ተነሳ፣ ትንሽ ተንሳፈፈ፣ ተመልሶ ጠራጊዎቹ ቅንድብ ላይ አረፈ። አንዱ አዋቂ «ውሃ አምጡ!» አለ። ውሃ መጣ። ዱቄቱ ስታርች ነውና ሲረጥብ ሊጥ ሆኖ ቁጭ፣ ቀለሙም ንጣፉ ውስጥ ሰረገ። ፍተጋ ተጀመረ። በስንት መከራ አንድ ጥግ ሲጸዳ መድረክ መሪው ድሉን አበሰረ፤ ድል ደግሞ ያለ ቀለም አይበሰርም፣ ሰማያዊው ተረጨ። የጸዳው ጥግ ሰማያዊ ሆነ። ሁለተኛ ዙር ጽዳት ታወጀ። ሁለተኛው ዙር መክፈቻ ያስፈልገዋል፣ ሐምራዊው ተረጨ። ለበጎ ፈቃደኞቹ ሰርተፊኬት ሲሰጥ እያንዳንዱ ላይ ብርቱካንማ የአውራ ጣት አሻራ አረፈበት፤ ማኅተም ሳያስፈልግ። የቀረው መጥረጊያዎቹን ማጠብ ነው። እሱም ለሚቀጥለው ወር ራሱን የቻለ ዘመቻ ሆኖ ዕቅዱ ውስጥ ገብቷል፣ በምን እንደሚከፈት አልነግራችሁም። በድሮን የተነሳው ቪዲዮ ግን ያምራል። ከላይ ሆነው ሲያዩት ቆሻሻ አይመስልም።

ረጪዎቹንም አንርሳ። «ዓይንህን ጨፍን» የሚልህ ከረጨ በኋላ ነው። አስም ያለባት ልጅ «እኔ ይቅርብኝ» ካለች ደግሞ «ኧረ ዘና በይ!» ተብላ ሁለት እፍኝ ይጨመርላታል። ፍቅር ነው እንግዲህ።

እዚህ ላይ ግን ቀልዱ ይብቃኝ። ይሄ ዱቄት አብዛኛውን ጊዜ የበቆሎ ስታርች ነው፣ ስታርች ደግሞ ይነዳል። መሬት ላይ ተኝቶ ሳይሆን አየር ላይ ደመና ሲሠራ፤ ያኔ እሳት ወይም በጣም የጋለ ነገር ካገኘው ደመናው በቅጽበት እሳት ይሆናል። እ.ኤ.አ. ጁን 27 ቀን 2015 ታይዋን ውስጥ በአንድ የውሃ መዝናኛ ፓርክ የሆነው ይኸው ነው። መድረክ አጠገብ የተረጨው ዱቄት ተቀጣጠለ፣ 15 ሰው ሞተ፣ ወደ 500 የሚጠጋ ሰው ተቃጠለ፣ አብዛኞቹ ወጣቶች። ልብሳቸውም ቆዳቸውም ዱቄት ለብሶ ነበር። ይህ ዜና ተደብቆ አያውቅም፤ ለመፈለግ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ዛሬም ግን አንዱ አጠገቡ ሲጋራ እየተጨሰ፣ ከኋላው ርችት እየተተኮሰ፣ በማራገቢያ ዱቄት ሕዝብ ላይ ይነፋል። እሳት ማጥፊያ የት አለ ስትለው በጀት የለም። ርችቱስ? ለርችት አለ! «እስካሁን ምን ሆነ?» ይልሃል ደግሞ። የሰው ልጅ እስኪቃጠል ነው የምትጠብቀው?

እሺ። ወደ ምስጋናችን።

ዓመቱ የሚዘጋው በግምገማ ስብሰባ ነው። አጀንዳው አንድ ብቻ ነው፦ «የሕብረተሰቡ ተሳትፎ ለምን ቀነሰ?» ኮሚቴው መፍትሔውን ከስብሰባው በፊት ስላገኘው ብዙ አያነጋግርም። ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ቀለሞቹ ከአምስት ወደ ስምንት ከፍ ይላሉ።