ሁለቱ «ባንክ»ዎች ዘመዳሞች ናቸው

በእንግሊዝኛ «ባንክ» (bank) የሚለው ቃል የወንዝ ዳርም የገንዘብ ባንክም ማለት ነው። አንድ ጽሑፍ «ወንዝ ዳር የሚባለው ባንክና የገንዘቡ ባንክ ድምፃቸው በአጋጣሚ ገጠመ እንጂ ዝምድና የላቸውም» ይላል፤ ይህ ሐሳብ ትክክል አይደለም። የተለያየው ወደ እንግሊዝኛ የገቡበት መንገድ ነው። የወንዙ ከስካንዲኔቪያ ቋንቋዎች መጣ፤ ከፍ ያለ የአፈር ቁልል፣ ተዳፋት ማለት ነው። አውሮፕላን ወደ ጎን ሲያጋድል በዚሁ ቃል የሚጠሩትም ከተዳፋቱ ተነስተው ነው። የገንዘቡ ደግሞ ከጣሊያንኛው «ባንካ» ነው፤ በመካከለኛው ዘመን በጣሊያን ከተሞች ገንዘብ መንዛሪዎች የሚሠሩበት አግዳሚ ወይም ጠረጴዛ። «ባንክራፕት» (የከሰረ) የሚለው የእንግሊዝኛ ቃልም ከዚሁ የወጣ ነው፣ «የተሰበረ ባንካ» እንደማለት። ዋናው ነገር ግን ጣሊያኖቹ ራሳቸው ቃሉን የወሰዱት ከጀርመናዊ ቋንቋዎች (እንግሊዝኛና የስካንዲኔቪያ ቋንቋዎችም ካሉበት ቤተሰብ) መሆኑ ነው! ወደ ኋላ ከተሄደ ሁለቱም አንድ ሥር ላይ ይገናኛሉ። እንግሊዝኛው «ቤንች» (አግዳሚ ወንበር)ም የዚያው ቤተሰብ ነው። ጽሑፉ ይህን መዝለሉ ያሳዝናል፣ የነገሩ ጣዕም ያለው እዚህ ላይ ነበር። «ይሄ እኛን ምን አገባን?» ለምትለው ወንድሜ፦ በጣም ያገባናል። ቡና ቤት ገብተህ የምትደገፈው ባንኮኒ ከጣሊያንኛው «ባንኮኔ» የመጣ ነው፤ እሱም የዚሁ የ«ባንክ» ዘመድ ነው።