ለአምስት ዓመት የታመነ ሰው

ባለቤቴ ከተጋባንበት ጊዜ ጀምሮ በጉዞ ላይ ፓስፖርት በእጄ አስይዛ አታውቅም። የቤተሰቡ ሰነድ በሙሉ በእርሷ ቦርሳ፣ ከእርሷ በቀር ማንም በማያውቀው ኪስ ውስጥ ይቀመጣል። የእኔ ድርሻ የሚሰጠኝ ከመኮንኑ ፊት ስቆም ብቻ ሲሆን፣ መኮንኑ አይቶ ከመለሰልኝ በኋላ ሦስት እርምጃ ሳልራመድ ይወሰድብኛል። ለዚህም በቂ ምክንያት አላት፤ አንድ ጊዜ ፓስፖርቴን ከፊቴ ካለው መቀመጫ ኪስ ውስጥ ከመጽሔት ጋር ረስቼው ወርጄ ነበር። ይህን የማነሣው ለአቤቱታ አይደለም። የአሜሪካ መንግሥት እኔን «የታመነ መንገደኛ» ብሎ በመዘገበኝ ዕለት በቤታችን ውስጥ ያን ያህል የተሳቀው ለምን እንደሆነ አንባቢ እንዲረዳልኝ ብዬ ነው።

«ትረስትድ ትራቨለር» የተባሉት እነዚህ ፕሮግራሞች ከአንድ በላይ ናቸው። በካናዳ ድንበር ለሚመላለስ ኔክሰስ፣ በሜክሲኮ በኩል ለሚገባ ሴንትሪ፣ ለጭነት መኪና ሹፌሮች ፋስት አለ። ከውጭ አገር በአውሮፕላን የሚመጣው ሰው የሚመኘው ግን ግሎባል ኢንትሪን ነው። የሁሉም ሐሳብ አንድ ሲሆን፣ ተቆጣጣሪው ሰውን ሁሉ እኩል ሲጠረጥር ከሚውል፣ አስቀድሞ ያጣራቸውን ቶሎ አሳልፎ ጥርጣሬውን ለማያውቃቸው ይቆጥብ የሚል ነው። ሐሳቡ አዲስ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1993 ኢንስፓስ የተባለ ሙከራ ተጀምሮ ነበር፤ ያን ጊዜ ማሽኑ የሚለካው የእጅን ቅርጽ ነበር። ግሎባል ኢንትሪ በ2008 በኒውዮርኩ ኬኔዲ፣ በሂውስተንና በዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ማረፊያዎች ሲጀመር ወደ ጣት አሻራ ተዛወረ፤ ዛሬ ደግሞ ማሽኑ ፊት አይቶ ይለያል። መዳፋችንን፣ ጣታችንን፣ ፊታችንን በየተራ አስረክበናል፤ የቀረን ልብ ነው፤ እርሱንም የሚመረምር ማሽን ያወጡ ዕለት ብዙዎቻችን ወደ ረጅሙ ሰልፍ መመለሳችን አይቀርም።

ማመልከቻው በኢንተርኔት የሚሞላ ሲሆን፣ አመልካቹ ባለፉት አምስት ዓመታት የኖረባቸውን አድራሻዎች፣ የሠራባቸውን ቦታዎችና የጎበኛቸውን አገሮች እንዲዘረዝር ይጠይቃል። ቀላል መስሎኝ ተቀመጥሁ፤ ነገር ግን ሁለተኛው መስመር ላይ ስደርስ የገዛ ሕይወቴን እንደማላውቃት ተረዳሁ። ከዚያኛው አፓርታማ የወጣነው በየትኛው ወር ነበር? የቀድሞው መሥሪያ ቤቴ ዚፕ ኮድ ስንት ነው? ሁሉንም ባለቤቴን ጠየቅሁ፤ እርሷም ልብስ እያጣጠፈች፣ ቀና ሳትል፣ አንድ በአንድ ነገረችኝ። እንግዲህ በቅን ሚዛን ከታየ፣ መንግሥት አጣርቶ ያመነው የእርሷን የማስታወስ ችሎታ ነው፤ አሻራው ብቻ የእኔ ነበር።

ሰው ሠራተኛ ሲቀጥር ተያዥ ይጠይቃል፤ ገንዘብ ሲያበድር ዋስ ይፈልጋል። እዚህ ግን የተጠየቅሁት ገንዘብ ብቻ ነበር፤ ያን ጊዜ 100 ዶላር ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. ከ2024 ኦክቶበር ወዲህ 120 ሆኗል። ያልታመነ ሰው ገንዘቡ አይመለስለትም። ይህ ለእኔ የተቋሙን ጥበብ ያሳያል፤ አለመታመን በነጻ ቢሆን ኖሮ ዕድሉን የሚሞክረው ብዙ ነበር። ከወራት በኋላ ለቃለ መጠይቅ ስጠራ ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም፤ ሱፍ ለብሼ፣ የቤት ኪራይ ውልና የመብራት ደረሰኝ በፋይል ይዤ ቀረብሁ። መኮንኑ ተይዤ አውቅ እንደሆነ፣ በጉምሩክ ተቀጥቼ አውቅ እንደሆነ ጠየቀኝ፤ አሻራዬን ወሰደ፤ ፎቶ አነሣኝ፤ «ጨርሰዋል» አለኝ። ፋይሉን እንኳ ሳልከፍት ወጣሁ። አማቶቼ ልጃቸውን ከመስጠታቸው በፊት ያደረጉልኝ ምርመራ ከዚህ በብዙ እጥፍ ይረዝም ነበር፤ እነርሱ ግን እስከ ዛሬ ውጤቱን በጽሑፍ አላሳወቁኝም።

ካርዱ በፖስታ ሲደርሰኝ ከመከላከያ ማኅደር ጋር ነበር። ማኅደሩ የተሠራው በካርዱ ውስጥ ያለውን ቺፕ ማንም ከሩቅ እንዳያነበው ነው፤ እኔ ግን ሰው ሁሉ ከቅርብ እንዲያነበው ስለምፈልግ በቤቴ እንግዳ በመጣ ቁጥር አወጣው ነበር። ካርዱ ግን በመሬት ድንበር ላይ ያገለግላል እንጂ በአውሮፕላን ማረፊያው የመግቢያ ማሽን ላይ የሚጠይቀው የለም። ማሽኑ ፊትን ያያል፤ ያም ካልሆነ ፓስፖርትን፤ ፓስፖርቱ ደግሞ በባለቤቴ ቦርሳ ውስጥ ነው። ይህን ያወቅሁት በመጀመሪያው ጉዞዬ ካርዱን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ እንደ አዲስ ሙሽራ አንገቴን ቀና አድርጌ ስገባ ሲሆን፣ መኮንኑ በትሕትና «እሱን ወደ ኪስዎ ይመልሱት» አለኝ።

የታመኑ ሰዎች ከታመኑ በኋላ ስለሚያመጡት ጠባይ ጥቂት ማለት አለብኝ። ከእኔ በፊት አባል የሆነ አንድ ጓደኛ አለኝ፤ ስለ ጉዞ ወሬ ከተነሣ «እናንተ እስካሁን ትሰለፋላችሁ እንዴ?» ሳይል አያልፍም። የጠየቀው ለማወቅ እንዳልሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ግሎባል ኢንትሪ ያለው ሰው አብዛኛውን ጊዜ በመነሻ ፍተሻ ላይ ፕሪቼክ የተባለውን፣ አስቀድመው ለተጣሩ መንገደኞች የሚደረገውን ቀለል ያለ ፍተሻ ጥቅምም ስለሚያገኝ፣ ጓደኛዬ ትልቁ ክብሩ ጫማውን አለማውለቁ ነበር። ጫማ የማስወለቁ ነገር የተጀመረው አንድ ሰው በ2001 ዲሴምበር በጫማው ውስጥ የደበቀውን ፈንጂ በአውሮፕላን ላይ ለማፈንዳት ከሞከረ በኋላ ነው፤ ከ2006 ጀምሮ መንገደኛው ሁሉ ጫማውን እንዲያወልቅ ተደረገ፤ ፕሪቼክ በ2011 ሲመጣ ለተመረጡት ይህን አነሣላቸው። ጓደኛዬ ታዲያ በካልሲው የቆመውን ሕዝብ በአዘኔታ እየተመለከተ ኮቴውን እያሰማ ያልፍ ነበር። በ2025 ጁላይ መንግሥት ማንም ሰው ጫማውን ማውለቅ አያስፈልገውም ብሎ ሲያውጅ አገር ሁሉ ተደሰተ፤ እርሱ ግን ደውሎ በተሰበረ ድምፅ «ሰማህ?» አለኝ። ላጽናናው ሞከርሁ። ላፕቶፑ አሁንም ከሻንጣ አይወጣም፤ ቀበቶም አይፈታም ብለው፣ «ቀበቶን ማን ያየዋል፣ ወንድሜ?» ብሎ ዘጋብኝ።

ወደ ራሴ ልመለስ። አባልነቱ የግል ነው፤ አንዱ የታመነ እንደሆነ ቤተሰቡን አስከትሎ ሊገባ አይችልም፤ ሕፃን እንኳ ቢሆን የራሱ አባልነት ሊኖረው ይገባል። ወላጁ አባል የሆነለት ከ18 ዓመት በታች ያለ ልጅ ግን አይከፍልም። ይህን ለባለቤቴ ደጋግሜ አስረድቻት፣ እርሷም ልጆቹም እንዲመዘገቡ ለመንኋት፤ እርሷ ግን «እስቲ አንተ መጀመሪያ ሞክረው» ትለኛለች። ለዓመታት እየሞከርሁት ነበር። ከረጅም በረራ በኋላ እንለያያለን፤ እነርሱ ወደ ሰልፉ ይሄዳሉ፤ እኔ ወደ ማሽኑ ሄጄ ፊቴን አሳይቼ በደቂቃዎች ውስጥ ከሻንጣ መቀበያው እገኛለሁ። ሻንጣ ተሸካሚው ቀበቶ ግን ማን የታመነ፣ ማን ያልታመነ እንደሆነ አያውቅም፤ ባዶውን ይዞራል። ከዚያ ሻንጣዎቹ መምጣት ሲጀምሩ አምስቱን ከባድ ሻንጣ፣ የሕፃን ጋሪውንና በገመድ የታሰረውን ካርቶን ብቻዬን እያወረድሁ በጋሪ ላይ እደረድራለሁ፤ የመጨረሻውን ጭኜ ወገቤን ሳቀና ባለቤቴ ልጆቹን ይዛ፣ ፀጉሯን አስተካክላ፣ ዘና ብላ ትደርሳለች። ይህ በአጋጣሚ የሚሆን መስሎኝ ሦስት ጉዞ አልፎኛል።

የፍራፍሬውን ነገር ሳላነሣ አላልፍም፤ የታመነ ሰው እንቅልፍ የሚያጣው በእርሱ ነውና። ወደ አሜሪካ ሲገባ የተያዘ ምግብ፣ ፍራፍሬና ዕፅዋት ሁሉ ይነገራል፤ ተናግሮ የተገኘበት ቢበዛ ይወሰድበታል፤ ሳይናገር የተገኘበት ግን ይቀጣል፤ አባል ከሆነም አባልነቱን ሊያጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2018 ከፓሪስ የመጣች አንዲት መንገደኛ አውሮፕላን ላይ የተሰጣትን አንድ ፖም ለሚቀጥለው በረራ ብላ ቦርሳዋ ውስጥ በማስቀመጧ 500 ዶላር መቀጣቷ በዜና ተነግሯል። እኔ ያን ዜና ካነበብሁ በኋላ በአውሮፕላን ላይ ፖም ከተሰጠኝ ከነፍሬው እበላለሁ፤ ልጆቼም ከማረፋችን በፊት ኪሳቸውን እንዲያራግፉ አደርጋለሁ።

ባለፈው ጉዞ ግን ታናሹ ልጄ ለአባቱ አዝኖ አንድ መንደሪን በእጅ ቦርሳዬ የጎን ኪስ ከትቶልኝ ነበር። ማሽኑን አልፌ መኮንኑ ጋ ደርሼ «የሚያስመዘግቡት ነገር አለ?» ስባል እጄን ወደ ኪሱ ብሰድ ክብ ነገር ነካሁ። ላቤ መጣ። መንደሪን እንዳለኝ ተናዘዝሁ፤ ተናዛዥ ከጀመረ አያቆምምና ማስቲካውንም፣ የጉሮሮ ከረሜላውንም፣ ካለፈው ዓመት ጀምሮ በኮቴ ኪስ የነበሩትን ሁለት ኦቾሎኒዎችም ጨመርሁ። መኮንኑ በትዕግሥት ሰምቶ ወደ ግብርና ፍተሻው መራኝ። እዚያም ቢግል የተባለው ጆሮው የተንጠለጠለ ትንሽ ውሻ መጥቶ ቦርሳዬን አሸተተና፣ እንደሠለጠነው ሳይጮህ፣ በጸጥታ ከጎኔ ተቀመጠ። ካርዴ ከማኅደሩ ጋር በኪሴ ነበር፤ ላሳየው አሰብሁና ተውሁት።

መንደሪኑ ተወስዶ ቀሪው ዕቃዬ በማሽን ሲታይ፣ ባለቤቴና ልጆቹ በአጠገቤ አለፉ። ሰልፍ አልተሰለፉም ነበር። ለካስ «ሞባይል ፓስፖርት ኮንትሮል» የሚባል፣ ክፍያም ቃለ መጠይቅም የማይጠይቅ የመንግሥት መተግበሪያ ኖሯል፤ አውሮፕላኑ እንዳረፈ በስልኳ የራሷንና የልጆቹን መረጃ ልካ በእርሱ መስመር መጥታለች። «ከመቼ ጀምሮ?» አልኋት። «ከሁለተኛው ጉዞ ጀምሮ» አለችኝ። ታዲያ እስከዛሬ ለምን ዘግይታ ትመጣ እንደነበር ስጠይቃት፣ ከሻንጣ መቀበያው በፊት ያለው መታጠቢያ ቤት ንጹሕና ጸጥተኛ መሆኑን፣ ልጆቹም ፊታቸውን መታጠብ እንደሚወዱ በእርጋታ አስረዳችኝ። በዚያ ቀን ሻንጣዎቹን ያወረደችው እርሷ ስለሆነች ወደ ቤት እስክንደርስ አላናገረችኝም።

አባልነቴ ሊያበቃ አንድ ዓመት ሲቀረው ማደስ እንደምችል የሚገልጽ ኢሜይል ደረሰኝ። ዋጋው መጨመሩን፣ ነጻው መተግበሪያ እንደሚበቃን፣ በዚህ ዕድሜዬ መታመን እምብዛም እንዳልጠቀመኝ ገልጬ ልተወው መሆኑን ተናገርሁ። ባለቤቴ ደነገጠች። «ኧረ አይሆንም! የደከምህበትን ነገር?» አለችና 120 ዶላሩን በራሷ ካርድ እንደምትከፍል ቃል ገባች። በዚያው ምሽት ከኮምፒዩተሩ ፊት አስቀመጠችኝ። ቅጹ ያለፉትን አምስት ዓመታት አድራሻዎች ጠየቀ፤ ጠየቅኋት፤ ነገረችኝ። የጎበኘኋቸውን አገሮች ጠየቀ፤ ነገረችኝ። የፓስፖርት ቁጥር ሲጠይቅ ተነሥታ ሄዳ ከዚያች ኪስ ፓስፖርቴን አመጣች፤ ቁጥሩን እስክገለብጥ ከአጠገቤ ቆማ ጠበቀች፤ የመጨረሻዋን ቁጥር እንደጻፍሁም እጇን ዘርግታ ተቀበለችኝ።