አይፎን ኤክስን ጄልብሬክ ማድረግ ይበጃል? (ክርክር)

ደጋፊ፦ ጄልብሬክ ማለት አፕል በስልኩ ላይ የጣለውን ገደብ ሰብሮ የፈለጉትን መጫን ነው። አይፎን ኤክስ ወደ አይኦኤስ 17 (የአይፎን ሲስተም) አያልፍም፤ ዕቃው ግን ባትሪ ከተቀየረለት ገና ብዙ ይሠራል። በ2019 ይፋ የሆነው ቼክኤምኤይት የሚባለው የደኅንነት ቀዳዳ ቺፑ ላይ በተቀረጸው ቡትሮም (ስልኩ ሲነሳ መጀመሪያ የሚሠራው ፕሮግራም) ውስጥ ስላለ አፕል በአፕዴት ሊደፍነው አይችልም። ማክ ወይም ሊነክስ ኮምፒውተር ላይ ፓሌራይን የሚባለውን የጄልብሬክ ፕሮግራም አስነሱ፣ ስልኩን ሰክታችሁ የጎኑን ቁልፍና ድምፅ መቀነሻውን አንድ ላይ 4 ሰከንድ ያዙ፤ ከዚያ የጎኑን ለቃችሁ መቀነሻውን ብቻ 10 ሰከንድ። ስክሪኑ ጥቁር ሆኖ ኮምፒውተሩ ካወቀው ዲኤፍዩ (ስልኩ ሲስተሙን ሳያስነሳ ከኮምፒውተር ትእዛዝ የሚጠብቅበት ሁኔታ) ገብቷል፤ የአፕል ምልክት ከመጣ እንደገና። ዩኤስቢ ሲ ኬብል እዚህ ላይ ያስቸግራል፤ ሰፊ ጫፍ ያለውን የድሮውን ተጠቀሙ። ሌላው ፓስኮድ ማጥፋት ብቻ ነው።

ተቃዋሚ፦ «ብቻ»! ወንድሜ፣ ይቺን «ብቻ» እስቲ ዘርዝራት። አይኦኤስ 16 ላይ ያለ ኤክስ አንድ ቀን እንኳ ፓስኮድ ከተደረገበት ዛሬ ማጥፋቱ አይበቃም፤ ስልኩ ፎርማት ካልተደረገ አይሆንም። ከዚያ ወዲያ ፓስኮድም የለ፣ ፌስ አይዲም የለ። ታክሲ ውስጥ የወደቀውን ስልክ ያነሳ ሰው ቴሌግራሙንም፣ ባንክ የላከውን የማረጋገጫ ቁጥርም ቁጭ ብሎ ያነባል።

ደጋፊ፦ ስልክ የሚጥል ሰው ይጠንቀቅ! ገንዘቤን ከፍዬ የገዛሁት እኔ ነኝ። በ2010 የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት እንኳ ጄልብሬክን ከቅጂ መብት ክልከላው ነፃ አድርጎታል። ቫይረስ ከሆነ የፈራኸው፣ በ2015 ኤክስኮድጎስት የተሰራጨው በራሱ በአፕ ስቶር ነው።

ተቃዋሚ፦ ሕግ ማን ጠየቀህ? የጠየቅኩህ ፓስኮድ ነው። 2015ን ካነሳህ አይቀር ኪይሬይደር የተባለውን ቫይረስም ጥራ፤ ጄልብሬክ ከተደረጉ ስልኮች ከ225,000 በላይ የአፕል አካውንት ሰርቋል።

ደጋፊ፦ ካገኙት ሪፖ (ከአፕ ስቶር ውጭ ያለ የፕሮግራም ማውረጃ) ሁሉ የሚጭኑ ናቸው የተሰረቁት። ደግሞስ ዋናውን ስልክ አድርጉ ማን አለ? መሳቢያ ውስጥ የተረሳውን ትርፍ ስልክ ነው። የፓስኮዱ ጣጣ ያለው ኤ11 ቺፕ ባላቸው በ8፣ በ8 ፕላስና በኤክስ ላይ ነው። አይፎን 7 ውሰድ፣ ፓስኮድህ አይነካም።

ተቃዋሚ፦ በኤክስ ጀምረን መሳቢያ ውስጥ ገባን፣ ከመሳቢያው ደግሞ 7 ወጣ! ባትሪ ያለቀ ዕለትስ? ስልኩ ጠፍቶ ሲነሳ ጄልብሬኩ የለም። ኮምፒውተር ፍለጋ፣ ኬብል ፍለጋ፣ ያው 4 እና 10 ሰከንድ።

ደጋፊ፦ ታዲያ ምን ይጎዳል? እስከዚያ እንደ ማንኛውም ጤነኛ ስልክ ይሠራል፤ ትደውልበታለህ። አንተ ያልሞከርከውን መንቀፍ ትወዳለህ።

ተቃዋሚ፦ ደውልበት። ፓስኮድ ግን እንዳታደርግበት፤ ካደረግክ ፎርማት ነው።