ከመላኩ በፊት ማን አነበበው?

ለኢንጂነሪንግ ኮንፈረንስ ፔፐር፣ ማለትም የምርምር ጽሑፍ፣ መላክ ከውጭ ሲያዩት ቀላል ነው። ስድስት ገጽ ትጽፋለህ፣ ፒዲኤፍ ታደርገዋለህ፣ ድረ ገጹ ላይ ትጭናለህ፣ ከዚያ መልስ ትጠብቃለህ። የጀርመኗ ሽቱትጋርትም ሆነ ጅማ የሚጫኑት ቁልፍ አንድ ነው። እስከ ቁልፉ ያለው መንገድ ግን በጣም ይለያያል። ዘንድሮ ሁለቱንም በቅርብ ስላየሁ ነው ይህን የምጽፈው።

እኔ ሽቱትጋርት ውስጥ አንድ የምርምር ተቋም ነው የምሠራው። የአክስቴ ልጅ ደግሞ ጅማ ሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ያስተምራል። ለእረፍት ስሄድ ፔፐር ሊልክ ቀን እየቆጠረ ነበር። ርዕሱ የቡና ማድረቂያ ነው። ለጅማ ሰው ከዚህ የቀረበ ርዕስ ከየት ይመጣል?

ነገሩን ለማያውቅ ባጭሩ ልንገር። የቀላ እሸት ቡና ሲለቀም ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ውሃ ነው። ሳይበላሽ እንዲቀመጥና እንዲሸጥ እርጥበቱ ወደ 11 ወይም 12 በመቶ መውረድ አለበት። ከነቅርፊቱ ደርቆ ጀንፈል የሚሆነው ቡና ማስጫ አልጋ ላይ ተሰጥቶ ሁለት ሦስት ሳምንት ይቆያል። ጅማ ደግሞ ዝናብ የማይጠፋባት አገር ናት። በለቀማ ወቅት ሰማዩ ድንገት ሲጠቁር ቤተሰቡ በሙሉ ላስቲክ ለማልበስ ይሮጣል። ካልደረሱበት ቡናው ይሻግታል፣ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል። የአክስቴ ልጅ የሠራው በላስቲክ የተሸፈነ ረጅም ዋሻ ነው። ትንሽ የፀሐይ ፓነል አንድ ማራገቢያ ታንቀሳቅሳለች፣ ማራገቢያው የሞቀውን አየር ቡናው ላይ ይነዳዋል። ሐሳቡ አዲስ አይደለም፤ እሱም አዲስ ነው አላለም። እኔ በምኖርበት ከተማ ያለው የሆሄንሃይም ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያለ የፀሐይ ዋሻ ማድረቂያ ከሠራ አሥርት ዓመታት አልፈውታል። የአክስቴ ልጅ ያደረገው እዚያው በሚገኝ እንጨትና ቀርከሃ መሥራቱና ለጅማ ዝናብ እንዲሆን የጣሪያውን ተዳፋት መቀየሩ ነው። ከዚያ አጋሮ አካባቢ አንድ ገበሬ ግቢ ውስጥ ተከለው። አጠገቡ የተለመደው አልጋ ላይ በዚያው ቀን የተለቀመ ቡና አሰጣ። ሁለቱንም እኩል መዘነ፣ እኩል ለካ።

ይህ ዳታ ወርቅ ነው። ሽቱትጋርት ያሉ ባልደረቦቼ የማድረቂያን የአየር ፍሰት በኮምፒውተር አስመስለው ይሠራሉ። ሥዕላቸው ያማረ፣ ቀመራቸው የጠራ ነው። ከመካከላቸው ግን ቡና ዛፍ ላይ ያየ የለም። እውነተኛ ገበሬ ግቢ ውስጥ፣ እውነተኛ ዝናብ እየዘነበበት የተለካ ቁጥር ለማግኘት እነሱ ለፕሮጀክት ገንዘብ ማመልከቻ ጽፈው ብዙ ወር ይጠብቃሉ። ጅማ ያለ መሐንዲስ ሚኒባስ ተሳፍሮ ይሄዳል። ገበሬውም ግቢውን ከፍቶ፣ ቡና አፍልቶ ይቀበለዋል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ወደ ማኅበረሰቡ እየላከ በማስተማር የታወቀ ነው፤ ስለዚህ በአካባቢው ማስታወሻ ደብተር ይዞ የሚጠይቅ ሰው ለገበሬው እንግዳ አይደለም። ይህን ሀብት በገንዘብ አትገዛውም።

ፔፐሩን ስከፍተው ግን ያ ሁሉ ሀብት የለም።

የመጀመሪያው ገጽ ተኩል ስለ ቡና ለኢትዮጵያ ኢኮኖሚ ስላለው ጠቀሜታ ነው። ከዚያ የማድረቂያ ዓይነቶች ዝርዝር ይመጣል። ከዚያ ቀመር። ሁለቱን ቡናዎች ጎን ለጎን ያነጻጸረበት ሰንጠረዥ አምስተኛው ገጽ ላይ፣ ከታች፣ በሦስት መስመር ማብራሪያ ተቀምጧል። የመለኪያ ስህተቱ ስንት እንደሆነ የትም አልተጻፈም። እርጥበትና ሙቀት የለካው ዲኤችቲ 22 በሚባለው ርካሽ ሴንሰር ነው። ሴንሰሩ ለዚህ ሥራ ይበቃል። ግን አምራቹ ራሱ በአንጻራዊ እርጥበት ላይ ቢያንስ 2 በመቶ ወዲያና ወዲህ ሊስት እንደሚችል ይናገራል። ይህ ካልተጻፈ ኮንፈረንሱ የሚመድበው ገምጋሚ የሚያስበው "አያውቅም" ብሎ ነው። እሱ ግን ያውቃል። ስጠይቀው ሳይቸገር ነገረኝ፣ ሁለት ሴንሰር አጠገብ ለአጠገብ አስቀምጦ ልዩነታቸውን እንዳየም ጭምር። "ታዲያ ለምን አልጻፍከውም?" ስለው "እሱ ቀላል ነገር ነው ብዬ ነው ጋሼ" አለኝ።

"ከመላክህ በፊት ማን አነበበልህ?" አልኩት። ሁለት ሰዎች አንብበውለታል። ሁለቱም "በጣም አሪፍ ነው፣ በርታ" ብለውታል።

ልዩነቱ ያለው እዚህ ላይ ነው።

እኔ በምሠራበት ቦታ አንድ ፔፐር ከግቢ ሳይወጣ ቢያንስ ሦስት ሰው እጅ ያልፋል። መጀመሪያ ግራፎቹ ብቻ ግድግዳ ላይ ይታያሉ። ጽሑፍ ገና የለም። "ይህ ሥዕል ምን ይላል? ምኑ ነው አዲስ?" ይባላል። መመለስ ካልቻልክ ወደ ጠረጴዛህ ትመለሳለህ። ረቂቁ ሲያልቅ ከሌላ ቡድን የመጣ፣ ርዕሱን የማያውቅ ሰው ያነበዋል። ወረቀቱ ቀይ ሆኖ ይመለሳል። "ይህ አንቀጽ ይውጣ።" "ይህ ቁጥር ከየት መጣ?" "ይህን አላመንኩም።" መጀመሪያ ስሄድ እንዲህ ያለው ነገር በጣም ያምመኝ ነበር። ሰዎቹ ጠልተውኝ ነው ብዬ አስብ ነበር። ቆይቶ እንደገባኝ፣ እንዲህ አድርጎ የሚያነብልህ ሰው የሥራ ሰዓቱን ነው የሰጠህ። የማያውቅህ ገምጋሚ የሚያገኘውን ስህተት ቀድሞ አግኝቶልሃል፣ ያውም ማንም ሳያይ።

እኛ ጋ ይሉኝታ አለ። የሰው ሥራ ላይ ጉድለት ማውጣት እንደ ጠብ ይታያል። ወጣት ከሆንክ "ለታላቅህ እንዲህ ይባላል?" ይሉሃል። እኩያ ከሆንክ ምቀኛ ትባላለህ። ስለዚህ ሰው "ጥሩ ነው" ብሎ ያልፋል። ይህ ክፋት አይደለም። ለሰው ስሜት መጨነቅ ነው፣ እኔም የምወደው ባህላችን ነው፣ ሽቱትጋርት ውስጥ በጣም የሚናፍቀኝም እሱ ነው። ግን ፔፐር ላይ ዋጋ ያስከፍላል። ለሰውየው ያልነገርነውን ጉድለት ውጭ አገር ያለ የማያውቀው ሰው በሁለት መስመር ጽፎ ይጥለዋል። እንደዚያ ከሚሆን እኛው በጊዜ ብንነግረው አይሻልም?

ጊዜም አለ እርግጥ። መምህራኑ የማስተማር ጫና አለባቸው፣ ማስተርስ ተማሪዎች ያማክራሉ፣ ስብሰባው አያልቅም። ኢንጂነሪንግ ውስጥ ደግሞ ለደረጃ ዕድገት የበለጠ ክብደት ያለው ጆርናል ላይ የወጣ ጽሑፍ ስለሆነ ለኮንፈረንስ ፔፐር ብሎ የሚያመሽልህ ሰው ጥቂት ነው። ይህን ሳላይ ቀርቼ አይደለም።

ሌላው ችግር የታወቀ ነው፣ ቶሎ ቶሎ ልለፈው። የማስገቢያ ሰዓቱ በጥሪው ላይ "23:59 ኤ ኦ ኢ" ይላል። በምድር ላይ የትኛውም ቦታ ያ ቀን እስኪያልቅ ድረስ ጊዜ አለህ ማለት ነው፤ የሚቆጠረውም ከግሪኒች 12 ሰዓት ወደ ኋላ በሚቀረው ሰዓት ነው። በእኛ አቆጣጠር በማግስቱ ከቀኑ 9 ሰዓት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ያበቃል። የአክስቴ ልጅ ጓደኞች ግን እኩለ ሌሊት ይዘጋል ብለው ነበር የሚሯሯጡት። 15 ሰዓት መሆኑ ነው። መብራት በሄደበት፣ ኢንተርኔት በተቆራረጠበት ምሽት 15 ሰዓት ማለት ቀላል አይደለም። ላቴክ በሚባለው የጽሑፍ ማዘጋጃ የሚጽፍ ሰው ኦቨርሊፍ በሚባለው ድረ ገጹ ላይ ብቻ እየተማመነ ከሆነ ኔትወርክ ሲጠፋ ፔፐሩም አብሮ ይጠፋበታል። ኮምፒውተሩ ላይ ላቴክን ጭኖ፣ ቅጂ ይዞ መሥራት ያዋጣል።

ከዚያ ስም አለ። ቅጹ "የቤተሰብ ስም" ይጠይቃል። እኛ ደግሞ የቤተሰብ ስም የለንም። አንዱ ፔፐር ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም ያስገባ ሰው በመዝገቡ ሁለት ሰው ሆኖ ይቀራል። ከመጀመሪያው ፔፐር ጀምሮ አንዱን መርጦ አለመቀየር ነው። ኦርኪድ የሚባለውን የተመራማሪ መለያ ቁጥርም ማውጣት ያስፈልጋል፣ ነፃ ነው።

ገንዘቡ ይከብዳል። ዓለም አቀፉ የኤሌክትሪክና ኤሌክትሮኒክስ መሐንዲሶች ማኅበር፣ አይ ትሪፕል ኢ፣ በሚያዘጋጃቸው ኮንፈረንሶች ላይ የአቅራቢ መመዝገቢያ ብዙ ጊዜ በመቶዎች የሚቆጠር ዶላር ነው። በሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ዶላር ከ57 ብር ገደማ ተነስቶ በጥቂት ወራት ከ100 ብር በላይ ሄዷል። ስለዚህ አንድ መመዝገቢያ የመምህሩን የወር ደመወዝ ይበልጣል። ብሩ ቢኖርህ እንኳ በኦንላይን የምትከፍልበት ካርድ ማግኘት ሌላ ሥራ ነው። እኔ ስመዘገብ የተቋሙ ጸሐፊ ትከፍላለች፣ እኔ ደረሰኙን እንኳ አላይም። ፔፐሩ ተቀባይነት አግኝቶ ማንም ሳያቀርበው ከቀረ ደግሞ አይ ትሪፕል ኢ ከኦንላይን ቤተ መጻሕፍቱ ሊያስቀረው እንደሚችል በየኮንፈረንሱ ጥሪ ላይ ተጽፏል።

ቪዛውን ደግሞ ሁሉም ያውቀዋል። ከጅማ አዲስ አበባ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ለቀጠሮ ትሄዳለህ፣ ለአሻራ ትሄዳለህ፣ ለመልስ ትጠብቃለህ፣ ኮንፈረንሱ አይጠብቅህም። በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ዘርፍ ትልቅ የሚባለው አይ ሲ ኤል አር በፈረንጆቹ 2020 አዲስ አበባ ላይ ሊካሄድ ተወስኖ ነበር። ከዚያ በፊት ካናዳ በተደረገ ሌላ ትልቅ ጉባኤ ላይ ብዙ አፍሪካውያን ተመራማሪዎች ቪዛ ተከልክለው ስለነበር ውሳኔው ብዙዎችን አስደስቶ ነበር። ኮቪድ መጣና ጉባኤው በኦንላይን ብቻ ሆነ። በ2023 ኪጋሊ ላይ ተካሄደ። አሁንም ስለ አዲስ አበባው ሳስብ ይቆጨኛል። ያኔ ያለ ቪዛ፣ በአውቶቡስ ተሳፍሮ ከጅማ የሚመጣ ስንት ተማሪ ነበር።

ቅርብ ያለውንም አንርሳ። አፍሪኮን የተባለው የአይ ትሪፕል ኢ ጉባኤ በፈረንጆቹ 2015 አዲስ አበባ ላይ ተደርጓል። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የሚያዘጋጀው የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮንፈረንስ ፔፐሮቹን ስፕሪንገር በተባለው አሳታሚ በኩል አሳትሟል። ለመጀመሪያ ፔፐር ከዚህ ቢጀመር ጥሩ ነው። "የተከበሩ ፕሮፌሰር፣ ድንቅ ሥራዎን አንብበን" እያለ በኢሜይል ከሚመጣው፣ በሦስት ቀን ተቀብሎ በአራተኛው ገንዘብ ከሚጠይቀው ግን መሸሽ ነው። ያለፈው ዓመት ፔፐሮች የት እንደታተሙ ፈልጉ። ካልተገኙ ዶላራችሁን አትላኩ።

ይህን ሁሉ ካልኩ በኋላም ወደዚያው እመለሳለሁ። ምንዛሪውን እኔ አላስተካክለውም፣ ቪዛውንም እንደዚያው። ረቂቅ ማንበብን ግን ማንም አይከለክለንም። ውጭ ያለን መሐንዲሶች ስንገናኝ ለአገራችን ምን እናድርግ እንላለን፣ ገንዘብ እናዋጣለን፣ ኮምፒውተር እንልካለን። ጥሩ ነው። ግን እያንዳንዳችን በዓመት ሁለት ረቂቅ በቀይ እስክሪብቶ ብናነብ፣ በግልጽ፣ ሳናሽሞነሙን፣ ከዚያ ደውለን ብናስረዳ፣ ከኮምፒውተሩ የሚበልጥ ይመስለኛል። ስንጀምር "ይህን የማደርገው ፔፐሩ እንዲያልፍልህ ስለምፈልግ ነው" ብለን ከተናገርን ይሉኝታው ይቀላል። ሞክሬዋለሁ።

ከአክስቴ ልጅ ጋር ያደረግነው ይህንኑ ነው። የኢኮኖሚውን ገጽ ተኩል ወደ አራት መስመር አወረደው። የንጽጽሩ ግራፍ ሁለተኛው ገጽ ላይ ወጣ። የሴንሰሩ ስህተት በግልጽ ተጻፈ። ከዚያ የራሱ ሐሳብ መጣለት፣ ይህ የእኔ አይደለም፦ ፔፐሩ ከመላኩ በፊት ለተማሪዎቹ አቀረበውና "ዛሬ ያመሰገነኝ አይቀመጥም፣ ስህተት አምጡልኝ" አላቸው። መጀመሪያ ዝም አሉ። ከዚያ ከኋላ የተቀመጠች አንዲት ተማሪ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ዋሻው ውስጥ ያለው ሴንሰር ፀሐይ በቀጥታ ካገኘው የሚለካው የአየሩን ሙቀት ነው ወይስ የራሱን?" አለችው። ትክክል ነበረች። የሁለት ቀን ዳታ ከግራፉ ወጣ፣ ሴንሰሩ ጥላ ተሠራለትና እንደገና ተለካ፣ ምስጋናው ላይ ስሟ ገባ፣ ፔፐሩም በማስገቢያው ቀን ማግስት ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ተላከ።