ማስተካከያ፦ ማይክል ቢ. ጆርዳን የቅርጫት ኳሱ ጆርዳን ልጅ አይደለም

ሰሞኑን ብዙዎች የተጋሩት አንድ ጽሑፍ ተዋናዩ ማይክል ቢ. ጆርዳን የቅርጫት ኳስ ኮከቡ የማይክል ጆርዳን ልጅ ነው ይላል። ስህተት ነው። ሁለቱ ዝምድና የላቸውም።

በአሜሪካው የቅርጫት ኳስ ሊግ (ኤንቢኤ) ይፋዊ መረጃ መሠረት፣ ከቺካጎ ቡልስ ጋር 6 ጊዜ ሻምፒዮን የሆነው ማይክል ጆርዳን የተወለደው እ.ኤ.አ. በ1963 ነው። ተዋናዩ ደግሞ የ1987 ልጅ ነው። በ24 ዓመት ስለሚበላለጡ አባትና ልጅ ናቸው ቢባል ለማመን አይከብድም። ግን ተዋናዩ በቃለ መጠይቆቹ እንደተናገረው ስሙን ያገኘው ከገዛ አባቱ ነው። እሳቸውም ማይክል ጆርዳን ይባላሉ። «ቢ» ባካሪ ለሚለው የመካከል ስሙ ነው።

ፊልምም ነገሩን አወሳስቦታል። ኳስ ተጫዋቹ በ1996 «ስፔስ ጃም» ላይ ራሱን ሆኖ ተውኗል። በ2021 በወጣው ቀጣይ ፊልም ላይ ደግሞ ተዋናዩ ለአፍታ ብቅ ይላል፤ ቀልዱ የተሠራው በዚሁ የስም መመሳሰል ነው። ቅንጭቡን ብቻ ያየ ሰው ቢምታታበት አይገርምም።

ስህተቱ ግን እንደ ቀላል የሚታለፍ አይደለም፤ ልጃቸውን ያሳደጉ አባትን ከታሪኩ ያስወጣል። ጽሑፉን ያጋራችሁ እባካችሁ አስተካክሉት። ስለ ተዋናዩ መረጃ ስትፈልጉም «ቢ»ን ጨምራችሁ ጻፉ።